ሁለተኛ ሰው የሚጠብቀው ሞተር

ትክል ድንጋይ፣ ታኅሣሥ ፳፩ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአያ ምትኩ፣ ጎንደር አራዳ።

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። መሪጌታ አድማሴ «ሰላምታው ላይ ደህና ነኝ ማለት ወግ ነው» ብለውኝ ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«ምነው ዝም አላችሁ? ወፍጮው ተሰበረ ወይ?» ብለህ በቅቤ ነጋዴዋ በይመኙሽ አፍ የላክኸው ደርሶኛል። አልተሰበረም። ተሰብሮ በነበረና በተገላገልን!

በሚካኤል ማግስት የላይ ሰፈሩ ክንዱ እህል ሊያስፈጭ መጥቶ ነበር። ጆንያውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል የጋቢው ጫፍ ቺንጋው ውስጥ ገባበት፤ ያ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ረጅሙ ጠፍር። ባለቤቴ አዘዘ ሮጦ ሞተሩን አጠፋ። ሰውዬው ግን አልቆየም። ከዚህ በላይ አላወራህም፤ ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር አየዋለሁ።

በሣልስቱ መሪጌታ ጸሎት አድርሰውበት፣ ሕዝቡ ቆሞ እያየ፣ አዘዘ ሞተሩን ሊያስነሳ ቢያዞር ቢያዞር ዝም። ያን ጊዜ ከሰው መካከል አንዱ «ደም ቀምሷል፤ ሁለተኛ ሰው ካልሰጡት አይነሳም» አለ። ማን እንዳለው እንኳ አይታወቅም። በማግስቱ አገሩ ሁሉ ይለው ጀመር። የክንዱ ወንድም ባዬ ደግሞ «አዘዘ ወንድሜን አውቆ ነው ለብረቱ የሰጠው፤ ሲተከል በግ ያላረደበት ለዚህ ነው» ብሎ ምንሽሩን አነሳ። በግ ይታረድ ሲባል «ሞተር ሥጋ አይበላም» ብለህ የሳቅህ አንተ ነህ፣ አያ ምትኩ። ያን ሳቅህን ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል።

አዘዘ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀምጧል። ባዬ ከበሩ ፊት ለፊት ወይራው ሥር ተቀምጧል። ምስለኔው ሽማግሌ ይጨርሰው አሉ። ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ይህን ነው፤ የክንዱ አርባ ጥር ፳፪ ይውላል፤ የተዝካሩ ዱቄት ጥር ፲፱ ቀን በዚያው ሞተር ይፈጭ፣ ሕዝብ እያየ፣ ያለ ደም። በናፍጣ ብቻ ከተነሳ የክንዱ ሞት የእግዜር ነው፣ ባዬም ይታረቃል። ካልተነሳ ግን «እኛ የለንበትም» አሉ። የለንበትም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ። ባሌን ይገድሉታል።

ና እባክህ። መምጣት ካቃተህም ምን እንደማደርግ ጻፍልኝ፤ እኔ የማውቀው ዱቄት መጥረግ ነው።

እህትህ ሸዋገነት

ጸሐፊው መሪጌታ አድማሴ ነኝ። ሸዋገነት ፊደል ስላልቆጠረች የነገረችኝን ጽፌያለሁ፤ መልሱንም የማነብላት እኔው ነኝ።


ጎንደር፣ ታኅሣሥ ፳፭ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ሸዋዬ፣ እህቴ፤

የክንዱን ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽን ሳነብ እኔም ፈራሁ፤ ስለዚህ አትፍሪ ብዬ አላላግጥብሽም።

ና ላልሽው፣ አሁን አልችልም። የምሠራበት ጋራዥ አልለቅህም ብሎኛል። ሌላ ምክንያት የለውም። ይመኙሽንም ስለ እኔ አትጨቅጭቂያት፤ ሴትዮዋ ቅቤ ነጋዴ እንጂ የእኔ ዘበኛ አይደለችም።

ይልቅ ስሚኝ። ሞተርን እንደሚራገጥ በቅሎ ፍሪው፤ ከኋላው አትቁሚ፣ ልብስሽን ሰብስቢ፣ በቃ። ከዚያ ያለፈ ፍርሃት አያስፈልገውም። ያቺ ሞተር የምትፈልገው ናፍጣ፣ አየርና ትንፋሽ ነው። ጣሊያን ጥሏት ሲሄድ ብሎን በብሎን ፈትቼ የገጠምኋት እኔ ነኝ፤ ደም የሚገባበት ቀዳዳ አላየሁባትም።

መጀመሪያ ቺንጋውን አውልቂው። ቺንጋ የሌላት ሞተር ማንንም አትጎትትም። ከዚያ ማስነሻውን ብረት ይዘሽ ቀስ ብለሽ አዙሪ። አንድ ቦታ ላይ ከብዶሽ መልሶ ከገፋሽ ትንፋሽ አላት፣ አልሞተችም።

ቀጥሎ፣ ናፍጣ ከተሞላበት ታኒካ ናፍጣውን ወደሚገፋው ፖምፓ የሚወርድ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ አለ። ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን በመፍቻው ትንሽ አላልተሽ ናፍጣው ይፍሰስ። አረፋ ካለው አየር ገብቶበታል፤ አረፋው እስኪጠፋ ጠብቂና አጥብቂ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን! ከታኒካው ሆድ ሥር ትንሽ መክፈቻ አለች። እሷን ከፍተሽ በብርሌ ቅጂና ወደ ብርሃን ያዢው። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል። የዚህች ሞተር ጠላቷ ውሃ ነው። አንድ ስኒ ውሃ ድምፅዋን ያጠፋታል። ጣሪያው ያፈስሳል ወይ? ታኒካውን የከፈተ ሰው አለ ወይ? ይህን ሳትመልሺልኝ እንዳትቀሪ።

አዘዘን አይዞህ በይልኝ። ከደጀ ሰላሙ ንቅንቅ እንዳይል።

ወንድምሽ ምትኩ


ትክል ድንጋይ፣ ጥር ፩ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ምትኩ።

እንደምን ሰንብተሃል? ገናን እንዴት ዋልህ? እኛ አልዋልንም። ደብዳቤህን መሪጌታ ደጋግመው አነበቡልኝ፤ እንዳዘዝኸኝም አደረግሁ።

ቺንጋውን አወለቅሁት። የክንዱ ጋቢ ክር ተጣብቆበት አገኘሁ። መጣሉን ፈርቼ በጨርቅ ቋጥሬ አኖርሁት። ከዚያ ማስነሻውን ያዝሁና አዞርሁ፤ እውነትህን ነው፣ ገፍቶ መለሰኝ። ጮኼ ሮጥሁ! በሩ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ አለቀስሁ። ተመልሼ ገባሁ።

ብሎኗንም አላላሁ። አረፋ ብዙም አላየሁበት። የሚወርደው ግን ቀጥኖብኛል፤ ሽታውም እንደ ድሮው ናፍጣ ናፍጣ አይልም። ምን እንደሆነ እንጃ። አጥብቄ እጄ እስኪላጥ አዞርሁት። ጭስ እንኳ የለው። ጥግ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

የጠየቅኸኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር መልሼልሃለሁ። ሌላ ካለ ንገረኝ።

አዘዘ ከስቷል። ስንቅ ይዤለት ስሄድ ባዬ ያየኛል፣ አይናገረኝም። ትናንት ግን «ሸዋገነት፣ ቀኑ እየደረሰ ነው» አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይመኙሽን ስላንተ ስጠይቃት ፊቷን ታዞራለች። ተቀይመኸኛል? የበጉን ነገር ስላነሳሁብህ ነው? ይቅር በለኝ። ጋራዡን ለምነህ ና።

እህትህ ሸዋገነት

ከዚህ በታች ያለውን እርሷ አልሰማችም፤ እኔ መሪጌታ አድማሴ በገዛ ራሴ ጽፌዋለሁ። ክቡር አቶ ምትኩ፣ ስለ ውሃው የጻፉትን አላነበብሁላትም። በሣልስቱ ቀን ሕዝቡ ጠበል በሞተሩ ላይ ስረጭ አይቶኛል። ሰው ሁሉ ከመሰብሰቡ በፊት ግን ብቻዬን ገብቼ፣ ርኩሱ መንፈስ ያደረው በሆዱ ነው ብዬ፣ አንድ ማሰሮ ጠበል ሙሉውን በታኒካው ውስጥ ጨምሬበታለሁ። ያ ውሃ አይደለም፣ ጠበል ነው። ጠበል ያድናል እንጂ አይገድልም። አልነሳ ያለው ምናልባት አንሶት ይሆናል፤ ለጥምቀት ከባሕረ ጥምቀቱ ቀድቼ እጨምርበታለሁ። ይህ ነገር ቢሰማ ባዬ «መሪጌታም ከአዘዘ ጋር ተማክረው ነው» ይላል፤ ምንሽሩን ወደ እኔ ያዞራል። እኔም ልጆች አሉኝ። እባክዎ ይሸሽጉኝ።


ጎንደር፣ ጥር ፬ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ለክቡር መሪጌታ አድማሴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጽሑፍዎን ባነበብሁ ጊዜ ከተኛሁበት ተነስቼ ተቀመጥሁ፤ መነሳት የለብህም ተብዬ ነበር። በማርያም ይሁንብዎ፣ አንዲት ጠብታ እንዳይጨምሩ!

ጠበል አልናቅሁም። እኔም በልጅነቴ የሆዴ ቁርጠት የለቀቀኝ በማርያም ጠበል ነው። ነገር ግን ሞተር ክርስትና አልተነሳም፣ ንስሓም አይገባም። ጠበሉ ከናፍጣው ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ወደ ፖምፓው የሚወርደው ቧንቧ ደግሞ የሚቀዳው ከታች ነው። እህቴ «ቀጥኖብኛል፣ አይሸትም» ያለችው እሱን ነው። በገዛ እጅዎ ጽፈውልኛል እኮ!

ቢፈሩ አይፈረድብዎትም። እኔም እፈራለሁ። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉልኝ፤ መክፈቻዋን ከፍተው በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉት፣ ወስደው እግር በማይረግጠው ቦታ ያፍስሱት። ማንም አይወቅብዎ፤ ከእኔም አፍ አይወጣም። ወይ ይህን ያድርጉ፣ ወይ ደብዳቤዬን እንዳለ ያንብቡላት። ከሁለት አንዱን። የአዘዘ ነፍስ በእርስዎ እጅ ነው፣ አባቴ።

ምትኩ


ጎንደር፣ ጥር ፰ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ሸዋዬ፤

ይህ የሰላምታ ደብዳቤ ነው። እንደምን አለሽ? አዘዘ እንደምን አለ? ላሟስ ወለደች? እኔ ደህና ነኝ፣ የጎንደር ብርድ ግን አጥንት ይገባል። ጥምቀትን በሰላም ያድርሳችሁ። መሪጌታንም ሰላም በይልኝ፤ በይመኙሽ በኩል የላኩልኝ መልስ ደርሶኛል። «አልደፍርም» የምትል አንዲት ቃል ናት። አልቀየምኋቸውም።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ቢኖረኝም አይነበብልሽም። ይመኙሽ ግን ከቅቤዋ ጋር አንድ ዕቃ ይዛልሻለች፤ እሱን ለማየት መሪጌታ አያስፈልጉሽም።

ወንድምሽ ምትኩ


ትክል ድንጋይ፣ ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ምትኩ።

ጠርሙስህ ደረሰኝ። ይመኙሽ ከቅቤ ቅሏ ውስጥ አውጥታ፣ በሰም እንደታሸገ፣ ፀሐይ ላይ ያዘችልኝ። «ከላይ ያለው ናፍጣ ነው፣ ከታች ያለው ውሃ። ከታኒካው ሥር ቀድተሽ እንዲህ ከሆነ፣ ሞተሩን ያፈነው እሱ ነው፤ አውጪው። ብሏል ወንድምሽ» አለችኝ። ስለ ጤናህ ስጠይቃት ግን ቅሏን አንስታ ሄደች።

ቀድቼ አየሁት። ያው ነው! ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ጣሪያው አያፈስስም። ቁልፉ በእኔ እጅ ነው። ከአዘዘ ሌላ ብቻውን የገባ ሰው አንድ ነው፤ ቁልፉን የሰጠሁትም እኔ ነኝ፣ ለጸሎት ብዬ።

አሁን ይህን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፣ አያ ምትኩ። ብዕራቸውን አስቀምጠዋል። ይጻፉ፣ መሪጌታ። አንድ ቃል ቢያስቀሩ ይመኙሽን ጎንደር ድረስ ልኬ አስነብበዋለሁ። ይጻፉ።

በጥምቀት ማግስት ማሰሮ በነጠላ ሸፍነው መጡ። በሩ ላይ ቆምሁ። ጠበል የከለከለች ሴት! አንድ ሰው አልፎ ቢያየኝ ኖሮ በድንጋይ ወግረው በጨረሱኝ። ከበሩ ግን አልተነቃነቅሁም። ያንተን ጠርሙስ በአንድ እጄ፣ የእኔን ብርሌ በሌላው እጄ ይዤ አሳየኋቸው። አዩ። ማሰሮውን አስቀመጡና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ሸዋገነት፣ አዘዘን ገደልሁት» አሉኝ።

«ገና አልሞተም፤ ይነሱ» አልኋቸው።

አብረን ቀዳነው። ጠበሉን በንጹሕ እንስራ ተቀብለን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ከጥዱ ሥር አፈሰስነው፤ እዚያ እግር አይረግጥም። አዲስ ናፍጣ ጨመርሁ፣ አየሩን አወጣሁ፣ አዞርሁ። አያ ምትኩ፣ ሳለ! አንዴ ብቻ፣ እንደ ሽማግሌ ሳለና ነጭ ጭስ ተፋ። ከዚያ ዝም።

ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ በር ዘጋ። ባዬ ከወይራው ሥር እየሮጠ መጥቶ «ማንን ሰጣችሁት? ማንን?» እያለ ጮኸ። ሰው ሲቆጥር ዋለ፤ ከየቤቱ እየጠራ፣ የጎደለ እንዳለ። ማንም አልጎደለም። እኔ ግን እስኪጨርስ ነፍሴ አልተመለሰችልኝም፤ ምናልባት ጎድሎስ ቢሆን ብዬ እኔው ራሴ ፈራሁ። እንዲህ ሆኛለሁ።

ነጭ ጭስ የምን ነው? መሪጌታ ይህን መጻፍ አልፈለጉም ነበር።

እህትህ ሸዋገነት


ጎንደር፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ሸዋዬ፣ የእኔ ጀግና፤

ነጭ ጭስ የመንፈስ አይደለም። ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም፤ በርዷታል፣ ከውስጧም ገና እርጥበት አለ። ከሞት አፋፍ ተመልሳልሻለች ማለት ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ድምፄን አውጥቼ ብጮህ አጠገቤ ያሉት ሰዎች ተቆጡኝ።

ናፍጣ በሚጣራበት በፊልትሮው ውስጥ ያለውን ጨርቅ አውጥተሽ በናፍጣ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። በቀኑ ደግሞ በጠዋት አትነኳት። ፀሐይ ትውጣባት። ውሃ አፍልተሽ በማቀዝቀዣዋ በርሜል ጨምሪ፤ ይህን ውሃ ትወደዋለች፣ ቦታው ነውና። ገላዋ ለብ ሲል አዙሩ።

ማን ያዞርልሻል? ብቻሽን አትችዪም። የሚያዞረው ሰው ጋቢውን ያውልቅ። አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል ያድርግ፤ ብረቱን ጨብጦ ከያዘው ስትራገጥ እጁን ትሰብረዋለች። እጁን! ሸዋዬ፣ አደራ። ስትራገጥ ቆዳም ትልጣለች። ሕዝብ እያየ አንዲት ጠብታ ደም ከታየች በናፍጣ ነው የተነሳው ብንል የሚሰማን የለም። ከሞተሯ ይልቅ እኔ የምፈራው ይህን ነው።

ከእንግዲህ የምረዳሽ ነገር አልቀረኝም። እዚህ ሆኜ ከመጸለይ በቀር ምንም ማድረግ አልችልም። ያንን ደግሞ ከመሪጌታ ጋር ተካፈሉልኝ።

ወንድምሽ ምትኩ


ትክል ድንጋይ፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ምትኩ።

ጽሕፈቱ አልነበብ ቢልህ አትቀየም፤ መሪጌታ በግራ እጃቸው ነው የሚጽፉት። አዘዘ አለ። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። አዘዘ አጠገቤ ተቀምጧል።

በቀኑ ትክል ድንጋይ በሙሉ ወጣ። እንዳልኸው ፀሐይዋ እስክትጠነክር ጠበቅን፣ ውሃውን አፍልቼ ጨመርሁ። ከዚያ «ማን ያዞራል?» ተባለ። ሁለተኛው ሰው መሆን የሚፈልግ የለም። ባዬ «አዘዘ ወጥቶ ያዙር» አለ፣ ምንሽሩን እያሻሸ። እኔ አዞራለሁ አልሁና ያዝሁት፤ አቅሜ አልበቃም፣ ግማሽ መንገድ ላይ መለሰኝ። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። አለቀ አልሁ።

ያን ጊዜ መሪጌታ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። ከመቋሚያ ሌላ የከበደ ነገር ጨብጠው የማያውቁ ሰው! ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። «የጨመርሁበት እኔ ነኝ፤ የማዞረውም እኔ ነኝ» አሉኝ፣ ለጆሮዬ ብቻ። የአውራ ጣቱን ነገር ነገርኋቸው። እሺ አሉ። በድንጋጤ ረሱት።

ተራገጠባቸው። ማስነሻው አሽቀንጥሮ ከግድግዳው ጋር አላተማቸው። «በላቸው! በላቸው!» የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ሴቱ እሪ አለ፣ ባዬ ምንሽሩን አቀባበለና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረ። እኔ ጋቢውን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

መሪጌታ ተነሱ። ቀኝ እጃቸውን በእጀ ጠባባቸው እጅጌ ውስጥ ሰብስበው ብብታቸው ሥር አስገቡት። ለምን እንደሆነ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ መዳፋቸው ተልጧል። «ምንም አልሆንሁ! ባዬ፣ ቁም!» አሉ፤ ማኅሌት የሚቆሙበት ያ ድምፅ። ባዬ ቆመ። በግራ እጃቸው ማስነሻውን ያዙ፣ እኔም ጋቢውን ጥዬ ከጎናቸው ያዝሁ፣ አብረን አዞርነው።

ሳለ። ደግሞ ሳለ። ነጩ ጭስ ጠቆረና ሞተሩ ተነሳ! ወለሉ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እኔም አብሬው።

ሰው ሁሉ ሸሸ። ያልሸሸው ባዬ ነው። ገባ። ወለሉን ዞሮ አየ። መዘውሩን አየ። እጆቼን ያዘና ገልብጦ አያቸው። ወደ መሪጌታ ሲዞር ግራ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አሳዩት። ያንን አየ። ቀኙን ቢጠይቃቸው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም ነበር፤ አልጠየቃቸውም።

ክንዱ የዚያን ዕለት ያመጣው ጆንያ ጥግ ላይ እንደቆመ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ማንም አልነካውም። ባዬ ምንሽሩን ግድግዳ አስደግፎ ጆንያውን ተሸከመው። እኔ አዘዘ ያደርግ እንደነበረው ቺንጋውን በእንጨት እየገፋሁ አስገባሁት። እህሉን እያፈሰሰ አለቀሰ። «ወንድሜ፣ እህልህ ተፈጨልህ» ይል ነበር። ዱቄቱ ፊቱን ነጭ አደረገው። እኔም አለቀስሁ፤ በዚያች ሰዓት ከፍርሃቴ ይልቅ ያዘንሁለት እሱን ነው።

ተዝካሩ ከትናንት በስቲያ ወጣ። አዘዘ ከባዬ ጋር መስቀል ተሳልመው ታረቁ፤ የዚያን ዱቄት እንጀራ ከአንድ ገበታ በሉ። አዘዘ ግን ገና ውሻ ሲጮህ ብድግ ይላል። የክንዱን ጋቢ ክር ለባዬ ሰጠሁት፣ በኪሱ ከተተው።

ሁሉ ሆነ፤ አንተ ግን አልመጣህም። የትኛው ጋራዥ ነው ይህን ያህል የሚጨክነው? አዘዘ ጎንደር ወርዶ ሊጠይቅህ ነው።

እህትህ ሸዋገነት

ሸዋገነት ላሟን ልታልብ ወጥታለች። አቶ ምትኩ፣ ለእርሷም ለንስሓ አባቴም ያልነገርሁት አንድ ነገር አለ። የወረወረኝ ጊዜ ከእጄ አንዲት ጠብታ ደም በመዘውሩ ላይ ስትወርድ አይቻለሁ። በእጅጌዬ ጠረግኋት። ሞተሩ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም። በናፍጣው ነው የተነሳው፣ ወይስ አንዲቷ ጠብታ በቃችው? ወፍጮው ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር እኔን የሚጠራኝ ይመስለኛል። እንቅልፍ የለኝም። እርስዎ የሞተር ሰው ነዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ። እንደ ልጅ አያባብሉኝ።


ጎንደር፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ለክቡር መሪጌታ አድማሴ፤

እጅዎን ይማርልኝ። ያን እጅ ብስመው ደስ ባለኝ። ቀጥሎ ያለውን ለሸዋገነት አንድም ቃል ሳያስቀሩ ያንብቡላት፤ «መሪጌታ» ከምልበት ጀምሮ ያለው ግን የእርስዎ ብቻ ነው።

ጋራዡ አልለቀቀኝም ያልሁት ውሸት ነው፣ ሸዋዬ። ኅዳር ሲያልቅ አንዲት የጭነት ማኪና አልነሳ ብላ ከሥሯ ገብቼ ስሠራ የተሸከማት ክሪክ ተንሸራተተና ወደቀችብኝ። ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች የለም። ሆስፒታል ነው ያለሁት፤ ደብዳቤዎቹን ሁሉ የጻፍሁልሽ ከአልጋ ላይ ነው። ይመኙሽን እንዳትነግርሽ አስምዬያት ነበር፤ አትቆጪያት። አዘዘ ደጀ ሰላም፣ እኔ አልጋ ላይ፤ ሁለታችንን በአንድ ጊዜ ተሸከሚ ልልሽ ፈራሁ። አዘዘ ሲመጣ አልጋዬ በመስኮቱ በኩል ነው።

መሪጌታ፣ አላባብልዎትም። ያን ቀን ከእኔ እግር የፈሰሰው አንዲት ጠብታ አይደለም። በማኪናዋ ሆድ ላይ ተረጭቷል፣ ከሥሯ ያለውን አፈር በአካፋ እየዛቁ ነው የጠረጉት። ጥያቄዎ ከደረሰኝ ወዲህ እኔም እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ትናንት የጋራዡ ጓደኞቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ከሰላምታ በፊት «ያን ሁሉ ደሜን የቀመሰችው ማኪና ተነሳች ወይ?» አልኋቸው።

እስከ ዛሬ አልተነሳችም።

ምትኩ